ፓምፑ የቆመ ዕለት፦ የኢንሱሊን ፓምፖችን ጎንደር ላይ ሆኖ ማወዳደር

(በጎንደር ለስኳር ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የኢንሱሊን ፓምፖች ንጽጽር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ርእስ ለጎንደር አዳራሽ የቅንጦት ወሬ ይመስል ነበር። አሁን ግን ውጭ አገር የሚኖር አጎት ለእኅቱ ልጅ ፓምፕ ገዝቶ ልኮ፣ እናቲቱ ካርቶኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ክሊኒክ የምታመጣበት፣ ወጣቱም በስልኩ ያየውን ማስታወቂያ እያሳየ «ዶክተር፣ የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተገቢ መልስም ይፈልጋል።

መልሴን ከመነሻው ላስቀምጥና ቀሪውን ጊዜ ለማብራሪያው ላውለው። አምራቾች ፓምፖቻቸውን የሚያወዳድሩት መሣሪያው በሙሉ ጤንነቱ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ የማን ስልተ ቀመር (ፓምፑ ዶዙን የሚያሰላበት ዘዴ) ስኳርን አስተካክሎ ይይዛል፣ የማን ስክሪን ያምራል፣ የማን መጠን ያንሳል እያሉ። እኛ ግን ንጽጽሩን መጀመር ያለብን ከሌላው ጫፍ ይመስለኛል፤ መሣሪያው በቆመበት ሰዓት ተጠቃሚው ምን ይሆናል ከሚለው። መብራት በሚጠፋበት፣ መለዋወጫ በፖስታ በሚጠበቅበት፣ የጥገና ወኪል በከተማው በሌለበት አገር የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው፤ የስልተ ቀመሩ ብልኀት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፓምፕ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ፤ በቀዶ ሕክምና ሆድ ውስጥ የሚቀበር የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከተንቀሳቃሽ ስልክ የማይበልጥ፣ በቀበቶ ወይም በኪስ የሚያዝ፣ ውስጡ ባለው መያዣ ኢንሱሊን የሚሞላበትና ኢንሱሊኑን በቀጭን ቱቦ በኩል ከቆዳ ሥር ወደገባች ለስላሳ ካኑላ (ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ) ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ብንበላም ባንበላም ጉበታችን የሚለቀውን ስኳር የሚቆጣጠረውንና ቤዛል የምንለውን የማያቋርጥ ፍሰት ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ለምግብ ወይም ከፍ ያለ ስኳርን ለማውረድ ሲያዝዘው ደግሞ ቦለስ የምንለውን ዶዝ ይለቃል። ፓምፑ ብቻውን ስኳር አይለካም፤ የሚለካው ጣትን በመውጋት ወይም ክንድ ወይም ሆድ ላይ በሚለጠፍ ሴንሰር ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። በፓምፕ ውስጥ የሚገባው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው። በመርፌ የሚታከም ሰው ማታ የተወጋው ረጅም ወይም መካከለኛ ኢንሱሊን ከቆዳው ሥር ተቀምጦ ለብዙ ሰዓታት ያገለግለዋል፤ ስለዚህ አንድ መርፌ ቢያመልጠው እንኳ ሰውነቱ ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። የፓምፕ ተጠቃሚ ግን እንዲህ ያለ ተቀማጭ የለውም፤ በሰፈራችን ቧንቧ ሲቋረጥ ሮቶ ያለው ቤትና የሌለው ቤት እንደሚለያዩት ማለት ነው። ካኑላዋ ከቆዳ ሥር ብትታጠፍ፣ ቱቦው ቢያፈስ ወይም ባትሪው ቢያልቅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈጣን ኢንሱሊን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያም ስኳሩ ይወጣል፣ ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረው ኬቶን የተባለ አሲድ ይከማቻል፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል፤ ሰው ካልደረሰለትም ኬቶአሲዶሲስ የሚባለው ለሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተነቀለች ካኑላ ሳትታወቅ ብታድር ንጋት ላይ ድንገተኛ ክፍል ልታደርስ ትችላለች። ይህን የምናገረው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ የትኛውም ብራንድ ከዚህ ሕግ ውጭ ስላልሆነ ነው።

ታሪኩን በፍጥነት ልለፍበት፤ በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 ተገኝቶ በ1922 ጥር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርኖልድ ካዲሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሠራው ፓምፕ በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ ያህል ነበር። ከቆዳ ሥር ያለማቋረጥ ኢንሱሊን መስጠት እንደሚያዋጣ ጆን ፒካፕና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ በ1978 አሳዩ፤ በ1983 ደግሞ ሚኒሜድ ኩባንያ የመጀመሪያ ፓምፑን ለገበያ አቀረበ። ለእኛ ውይይት የበለጠ የሚጠቅመው ግን የመስከረም 2016ቱ ክስተት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሚኒሜድን የጠቀለለው የሜድትሮኒክ ኩባንያ ምርት የሆነውን 670ጂ የተባለውን ፓምፕ የፈቀደው ያን ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ከሴንሰር በሚደርሰው ንባብ መሠረት ቤዛሉን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የመጀመሪያው መሣሪያ ነበር። ይህን ዓይነቱን ፓምፕ «ግማሽ አውቶማቲክ» የምለው ለምግብ የሚሆነውን ዶዝ አሁንም ሰው ማዘዝ ስላለበት ነው።

ዛሬ ሰዎች ስለ ፓምፕ ሲጠይቁኝ በአብዛኛው የሚያነሡት የሜድትሮኒክን 780ጂ፣ የታንደምን ቲ-ስሊም ኤክስ 2 እና የኢንሱሌትን ኦምኒፖድ 5 ነው። ከእነዚህ ሌላ የስዊዘርላንዱ ኢፕሶፓምፕና የደቡብ ኮሪያው ዳና አሉ፤ ሁለቱም ካምብሪጅ ላይ ሮማን ሆቮርካ ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረውን ካምኤፒኤስ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ተጠቅመው መሥራት ይችላሉ። በ2023 የተፈቀደው አይሌት የተባለው ደግሞ ሥራ ለመጀመር የሚጠይቀው የተጠቃሚውን የሰውነት ክብደት ብቻ ነው፤ ምግብን በግራም ከማስላት ይልቅ «እንደ ወትሮው፣ ያነሰ፣ የበዛ» ብሎ መንገር ይበቃዋል። ይህ ሐሳብ ለእኛ ማዕድ የሚመች ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስቱን ዋና ዋናዎች በስልተ ቀመራቸው ስናያቸው ልዩነታቸው ሰዎች የሚገምቱትን ያህል ሰፊ አይደለም። 780ጂ ስኳሩን ወደ 100፣ 110 ወይም 120 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ለማምጣት ይሠራል፤ ካስፈለገም በየአምስት ደቂቃው ማስተካከያ ዶዝ በራሱ ይጨምራል። የታንደሙ ኮንትሮል አይኪው ስኳሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ እየገመተ በ112.5 እና በ160 መካከል ሊይዘው ይሞክራል፤ ማስተካከያ ቦለስም በሰዓት ከአንድ ጊዜ ያልበለጠ ይሰጣል። ኦምኒፖድ 5 ዒላማውን ከ110 እስከ 150 ባለው መካከል ተጠቃሚው እንዲመርጥ ያደርጋል፤ በራሱ ቦለስ አይሰጥም፣ በየአምስት ደቂቃው የሚለቃትን ጠብታ ግን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ሦስቱም ምግብ በትክክል ከተነገራቸውና ሴንሰሩ ካልተቋረጠ ብዙ ተጠቃሚዎችን ከቀኑ ሰባ በመቶ ያህሉን በ70 እና በ180 መካከል እንዲያሳልፉ ያግዛሉ። ሴንሰሩ ካለቀ ግን ሦስቱም አውቶማቲክነታቸውን ያጡና ተራ ፓምፕ ይሆናሉ። አንድ ሴንሰር እንደ ዓይነቱ ከሰባት እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ገደማ ያገለግላል፤ ካኑላና ቱቦ በአብዛኛው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። በአንድ ወር ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት የካኑላ ስብስብና ከሁለት እስከ አራት ወይም አምስት ሴንሰር ማግኘት የማይችል ሰው የስልተ ቀመሮቹ ንጽጽር አይመለከተውም ማለት ነው።

የሚመለከተን ልዩነት ያለው በኤሌክትሪኩ፣ በብክነቱና በመለዋወጫው ላይ ነው።

780ጂ የሚሠራው በአንድ ተራ የጣት ባትሪ ነው። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋ ከመሣቢያ ሌላ ባትሪ አውጥቶ መቀየር ይቻላል፤ ይህ ለጎንደር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከሱቅ በርካሽ የምንገዛው፣ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የምንጠቀምበት የካርቦን ዚንክ ድንጋይ አይሆነውም፤ መመሪያውም እንዳትጠቀሙ ይላል። አልካላይን፣ ሊትየም ወይም ጥራት ያለው ዳግም የሚሞላ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ባትሪውን ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ቲ-ስሊም በቻርጅ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሞላ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ በየቀኑ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰካም ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ መሙላት ይቻላል። ኦምኒፖድ ባትሪው በቀጥታ ቆዳ ላይ ከሚለጠፈው ፖድ ከሚባለው ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ፖዱን ቻርጅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ስልተ ቀመሩም የሚሠራው ፖዱ ውስጥ ነው፤ ሆኖም ትእዛዝ የሚሰጥበት መቆጣጠሪያ ወይም ስልክ ቻርጅ ከጨረሰ ቤዛሉ ይቀጥላል እንጂ ለምሳ ቦለስ ማዘዝ አይቻልም። ስልክና ፓምፕ ሲጣመሩ ሌላም ጣጣ አለ። በ2024 የታንደም የአይፎን መተግበሪያ አንድ ሥሪት ስሕተት ስለነበረበት ደጋግሞ እየተነሣ የፓምፑን ባትሪ ቶሎ ይጨርስ እንደነበር ታውቆ አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ፓምፕ ካላችሁ መተግበሪያውንም እንደ መድኃኒቱ ተከታተሉት።

ወደ ብክነቱ ስንመጣ ኦምኒፖድ ውበቱም ጉድለቱም አንድ ቦታ ላይ ነው። ቱቦ የለውም፣ በልብስ ሥር አይታይም፣ ልጅ ሲጫወት አይጎተትም፤ በጥምቀት ከፋሲለደስ መዋኛ ዘሎ ለሚገባ ጎረምሳም ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ ፖዱ እስከ 7.6 ሜትር ጥልቀት ለአንድ ሰዓት ውኃ ይቋቋማልና። (780ጂም ውኃ ይችላል፤ ቲ-ስሊምን ግን ከመዋኘት በፊት መንቀል ይሻላል።) ይሁን እንጂ ፖዱ ቢያንስ 85 ዩኒት ካልተሞላ ሥራ አይጀምርም፤ ከ72 ሰዓት በኋላ፣ ቢበዛ ስምንት ሰዓት ተጨምሮለት፣ በራሱ ይቆማል፤ ውስጡ የቀረው ኢንሱሊንም ከነሞተሩ፣ ከነባትሪው ይጣላል። በቀን 12 ዩኒት የሚበቃውን ልጅ እንውሰድ። በሦስት ቀን የሚጠቀመው 36 ዩኒት ሲሆን የሚሞላለት ግን 85 ነው፤ በወር ዐሥር ፖድ ቢቀይር 850 ዩኒት ተሞልቶ የሚያገለግለው 360 ያህሉ ብቻ ይሆናል። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ነው፤ ብልቃጥ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚዞር ቤተሰብ ይህ ቀላል ስሌት አይደለም። ባለ ቱቦዎቹ 780ጂና ቲ-ስሊም እስከ 300 ዩኒት ይይዛሉ፤ 780ጂን የሚፈልጉትን ያህል አሳንሶ መሙላት ይቻላል፤ ቱቦውን ለመሙላት የሚባክነው በአብዛኛው ከዐሥር እስከ ሃያ ዩኒት ባለው ውስጥ ነው።

የአሞላሉን ነገር በቅርበት ላሳያችሁ፤ ከሁሉም በላይ ሰዎች የሚቸኩሉበት ቦታ እሱ ነው። ብልቃጡ በቀጥታ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ መቀዳት የለበትም፤ ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ክፍሉን እስኪመስል ይጠበቃል። ከዚያ ወደ መያዣው በቀስታ ይሳባል፤ መያዣው በጣት ጥፍር ቸብ ቸብ ሲደረግ ጥቃቅኑ አረፋ ተሰብስቦ ወደ አፉ ይወጣል፤ እየተገፋም ይወገዳል። መያዣው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ቱቦው ሲሞላ ጫፉን ወደ ብርሃን ይዞ መመልከት ነው፤ መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ ጫፉ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። ጠብታዎቹ ሳይቆራረጡ እስኪከታተሉ ድረስ ቱቦው ከሰውነት ጋር አይያያዝም። ይህን ሁሉ ስናደርግ እጃችን ታጥቧል፣ የምንለጥፍበት ቦታ ተጠርጎ ደርቋል፣ ካለፈው ቦታ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ርቀናል። ጠዋት የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሶ በጥድፊያ የተለጠፈ ካኑላ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አዲስ ካኑላ ሲገባ ስኳርን ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ማታ ከመተኛት በፊት መቀየርም የማይመከረው ለዚሁ ነው።

አረፋ ላይ ያተኮርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ መተማ ዮሐንስ ደግሞ ወደ 700 ሜትር ገደማ። ቆላ ወርዶ ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ በመያዣው ውስጥ የቀረ አረፋ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሰፋል። የ100 ዩኒቱ ኢንሱሊን አንድ ዩኒት የአንድ ሚሊ ሊትር መቶኛ እንደመሆኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር የሆነ አረፋ በአምስተኛው ሲሰፋ ሁለት ዩኒት ያህል ሳይታዘዝ ሊገፋ ይችላል፤ ለአዋቂ ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ለትንሽ ልጅ ግን ስኳርን የሚጥል መጠን ነው። አውሮፕላን ሲነሣም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽቅብ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት አረፋን መፈተሽና ማስወገድ፣ በአውሮፕላን ሲሆን ደግሞ በሚነሣበት ጊዜ ቱቦውን ለአጭር ጊዜ ነቅሎ፣ ከፍታው ሲረጋ አረፋውን አስወጥቶ መልሶ ማያያዝ። ስሜን ተራሮች ለሚሄዱም አንድ ማስታወሻ አለኝ፦ አንዳንዶቹ ፓምፖች የተፈተኑት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ብቻ መሆኑ በመመሪያቸው ተጽፏል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ቆላው ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ፈጣን ኢንሱሊን ከ37 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ስለሚበላሽ በመተማ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ፓምፕን በመኪና ወንበር ላይ ትቶ መውረድ አይገባም።

አሁን ፓምፕ ከመርፌ በግልጽ የሚበልጥበትን ቦታ ልናገር፤ እስካሁን ስወቅስ ስለቆየሁ ሚዛኑ እንዳይዛባ። ፓምፕ የሚመሰገነው በዶዝ ጥቃቅንነትና በፍሰት ለዋዋጭነት ነው። 780ጂ በዝቅተኛው መጠን በ0.025 ዩኒት፣ ኦምኒፖድ በ0.05 ዩኒት እያሳነሰ መስጠት ይችላል፤ በሲሪንጅ ግማሽ ዩኒት መለካት እንኳ ፈተና ለሆነባት የሕፃን እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ንጋት ላይ ስኳር የሚወጣበት ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፍሰቱ እንዲጨምር ማድረግ ይችላል። በጾምም እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር መምከር አለበት፤ ተመካክሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የዐቢይ ጾም ጿሚ ወይም ረመዷንን የሚይዝ ሙስሊም ግን ጊዜያዊ ቤዛልን በመቀነስ ስኳሩ እንዳይወርድበት መከላከል ይችላል፤ ጠዋት የተወጉትን ኤንፒኤች የተባለ መካከለኛ ኢንሱሊን ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። በእንጀራ በኩል ደግሞ ችግሩ መጠኑን ማወቁ ላይ ነው። ከትሪው ዙሪያ ተቀምጠን ከአንድ ማዕድ ስንቆርስ፣ ጉርሻም ሲጨመርበት፣ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚቆጥር የለም፤ እንጀራውም አንዱ ቤት ጤፍ ብቻ፣ ሌላው ቤት የፎገራ ሩዝ ወይም ዳጉሳ የተቀላቀለበት ነው። በግራም ቁጠሩ ብሎ ከማስጨነቅ ይልቅ ለፓምፕ ተጠቃሚ የራሱን ድርሻ በሳሕን ለይቶ ማቅረብ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የቤቱ ሰው ቅር ቢለውም። አይሌት የተከተለውን «እንደ ወትሮው» የሚለውን መንገድ የወደድሁትም ለዚህ ነው።

የሆነ ሆኖ የሚቀድመው ጥያቄ ፓምፑ ውስጥ ምን ይገባል የሚለው ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የምናገኘው ሬጉላር (ከፈጣኖቹ ዘግይቶ የሚሠራው)፣ ኤንፒኤችና የሁለቱ ቅልቅል ነው። ደመናማው ኤንፒኤችና ቅልቅሉ ፓምፕ ውስጥ በፍጹም አይገቡም። ሬጉላር በመጀመሪያዎቹ ፓምፖች ውስጥ አገልግሏል፤ የዛሬዎቹ ግን የተሰናዱት ሊስፕሮና አስፓርትን ለመሰሉ ፈጣን ኢንሱሊኖች ነው፤ ስልተ ቀመሩም የሚያሰላው በእነሱ ፍጥነት ስለሆነ ዘግይቶ በሚሠራ ኢንሱሊን ዶዝ በዶዝ ላይ እየደረበ ስኳርን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ፈጣን ኢንሱሊን ያለማቋረጥ ከየት እንደሚገኝ ሳይታወቅ ፓምፕ መግዛት ትርፉ ድካም ነው።

በምርምር በኩል ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 1,441 ሰዎች ተሳትፈውበት ውጤቱ በ1993 የወጣው ትልቅ ጥናት ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት እንዳይጀምር በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ልብ በሉ፣ በጥብቅ ቁጥጥሩ ወገን የነበሩት ሰዎች ከፊሎቹ በፓምፕ፣ ከፊሎቹ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ በሆነ መርፌ ይታከሙ ነበር። በ2017 ብሪታንያ ውስጥ የወጣው ሪፖዝ የተባለ ጥናት ደግሞ ፓምፕ ለተሰጣቸውና በመርፌ ለቀጠሉት አዋቂዎች አንድ ዓይነት ጥልቅ ሥልጠና ሰጥቶ ሁለት ዓመት ተከታተላቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ፣ በመካከላቸው የታየው የሦስት ወር አማካይ ስኳር ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። ያ ጥናት የተካሄደው ግማሽ አውቶማቲኮቹ ከመምጣታቸው በፊት መሆኑን አልክድም፤ እነዚህ ከተራ ፓምፕ የተሻለ ውጤት ስላሳዩ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2023 መጨረሻ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ማምረት ላቆመ የዓይነት 1 ሕሙማን በሰፊው እንዲሰጡ መክሯል። ሥልጠና ያላገኘ ሰው ግን የትኛውም መሣሪያ ቢሰጠው እዚያ ውጤት ላይ አይደርስም። ከዚህ ተነሥቼ የምናገረው የግል አስተያየቴ ነው፦ ለአካባቢያችን ለአብዛኛው ሕመምተኛ ቀጣዩ ደረጃ ፓምፕ አይደለም፤ ያልተቋረጠ ኢንሱሊን፣ በቂ የስኳር መለኪያ ስትሪፕና በቀን አራት ጊዜ በሚሰጥ መርፌ ላይ የሚሰጥ ጥሩ ሥልጠና ነው። ለአንድ ፓምፕ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዘመድ ያንኑ ገንዘብ ለሴንሰርና ለፈጣን ኢንሱሊን ቢያውለው ልጁ በብዙ ይጠቀማል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ከዚሁ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ሥራ በገጠሩ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣት፣ ከሲታና ደሃ መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ብለው ጠይቀው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ይህን ሕመም ዓይነት 5 ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የፓምፖቹ ስልተ ቀመሮች የተፈተኑት በአብዛኛው ዓይነት 1 ባላቸው የበለጸጉ አገሮች ሰዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ከሲታ የደንቢያ ወጣት «ዓይነት 1 ነህ» ተብሎ ፓምፕ ከመታዘዙ በፊት ሕመሙ በትክክል ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ያገለገለ ፓምፕ ከውጭ ለምትቀበሉም ጥቂት ቃል አለኝ። በመጀመሪያ ኩባንያው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ንብረት የነበረው አኒማስ በጣም የተወደደ ፓምፕ ነበር፤ በ2017 ኩባንያው ከፓምፕ ሥራ መውጣቱን አስታወቀ፣ በሀብታም አገር ያሉ ተጠቃሚዎች እንኳ ወደ ሌላ ፓምፕ መሻገር ግድ ሆነባቸው። መሣሪያው ቢሠራም መያዣውና ቱቦው ካልተገኘ ፋይዳ የለውም፤ የአንዱ ብራንድ ቱቦ ለሌላው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ውስጥ ያለው የቀድሞው ባለቤት ቅንብር ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። የሰማንያ ኪሎ ሰው ቤዛል በሃያ አምስት ኪሎ ልጅ ላይ ቢለቀቅ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ፓምፑ ደርሷችሁ ከሆነ ሳትከፍቱት ወደ ሐኪማችሁ አምጡት። የሦስት ወር መለዋወጫ በእጅ ሳይኖር፣ ቀጣዩንም ማን እንደሚልክ ሳይታወቅ ደግሞ ባይጀመር እመርጣለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሟልቶለት የትኛውን ልምረጥ ለሚለኝ፣ በጎንደር ኑሮ ሚዛን ባትሪው ከሱቅ የሚቀየረውን፣ እንደ አስፈላጊነቱ አሳንሶ የሚሞላውን ባለ ቱቦ ፓምፕ አስቀድማለሁ። ቲ-ስሊምን በሁለተኛ ደረጃ አየዋለሁ። ኦምኒፖድን ፖዱ በየወሩ ሳይቋረጥ ለሚመጣለትና ኢንሱሊን ቢጣል ለማይጎዳ ቤተሰብ እተወዋለሁ። ሌላ ከተማ ሌላ ደረጃ ሊያወጣ ይችላል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ማስገባት ተገቢ ነው። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ማሽኑ ሌሊት ቢቆምብንስ? እዚህ ማንን እንጠይቃለን?» አሉ።

እናቴ፣ ለዚያ ሌሊት የሚያስፈልገው አስቀድሞ ቤት ውስጥ መኖር አለበት። በአንድ ወረቀት ላይ የልጁ የቀን አጠቃላይ ቤዛል ስንት ዩኒት እንደሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ምን ያህል ፈጣን ኢንሱሊን በየስንት ሰዓቱ በመርፌ እንደሚሰጥና ኤንፒኤች የሚተካበት መጠን በሐኪሙ እጅ ተጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ። ሲሪንጅ፣ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ የስኳር መለኪያና የኬቶን ስትሪፕ በአንድ ከረጢት ይቀመጥ፤ ከረጢቱ ልጁ በሚሄድበት ሁሉ ይሂድ። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ በፓምፑ የተሰጠው ማስተካከያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላወረደው ጥፋቱ የካኑላው ነው ብላችሁ ገምቱ፤ ቀጣዩን ዶዝ በፓምፑ ሳይሆን በመርፌ ስጡ፣ ካኑላውንም ቀይሩ። ልጁ ካስመለሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ኬቶኑ ከወጣ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ኑ። ተረኛው ሐኪም ፓምፕ አይቶ ላያውቅ ስለሚችል ወረቀቱንም ፓምፑንም ይዛችሁ ኑ፤ ከሁሉ በፊት ኢንሱሊኑ ከተቋረጠ ስንት ሰዓት እንደሆነው ንገሩት፤ ራጅ ወይም ኤምአርአይ ክፍል ከመግባቱ በፊትም ፓምፑን ንቀሉለት።